ጎማ የወጣበት ማዋለጃ ክፍል

በማዋለጃ ክፍሉ ሁሉም የሚጠራት "ፍልቅልቋ" እያለ ነው። አዋላጅነቱን ተክናበታለች፤ እጇ ወርቅ ነው። እሷ ያዋለደቻት እናት ዳግመኛ ስታረግዝ ሌላ ሰው አታስጠጋም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። ጓንት ባጠለቀች ቁጥር እጇን ያሳክካታል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። ሳሙናው ነው፣ አቧራው ነው እያለች ስታመካኝ ከረመች። መቼስ ጤና ባለሙያ የራሱ ሕመም አይታየው! በዚያ ክፍል ደግሞ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ የሚነጫነጭ ልጅ ካለ፣ ጓንት ነፍቶ፣ ዓይንና ምንቃር ስሎ "እንካ ዶሮ" ማለት የተለመደ ነው። ፍልቅልቋም አንድ ቀን ለአንዲት ሕፃን ልትነፋላት ጓንቱን አፏ ላይ አደረገችው። ዶሮው ሳያልቅ ከንፈሯ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ። እንኳንም እዚያው ሐኪም ቤት ሆነች፤ ተሯሩጠው መርፌ ወግተው ነፍሷን መለሱላት።

የጎማ አለርጂ ነው ተባለ። ሐኪሙ ነገር አላረዘመም፣ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወሪ አላት። ኧረ እሷ ካርድ ክፍል ምን ቤት ናት? በዚያ ላይ ታናሽ እህቷ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች፤ ካንቺ በቀር ማንም አይነካኝም ብላታለች። ለእሷ ብቻ ሌላ ዓይነት ጓንት ቢመጣላትስ? አይበቃም። የሌሎቹ ጓንት ውስጥ ያለው ዱቄት የጎማውን ብናኝ ይዞ አየር ላይ ይበናል፤ እሱን መተንፈሱ ብቻ ሊገድላት ይችላል። ወይ ክፍሉ በሙሉ ይለወጣል፣ ወይ እሷ ትወጣለች።

ዋና ነርሷ ቁጡ ናት፤ ፍልቅልቋን ያልተቆጣችበት ቀን የለም። ጉዳዩ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሲቀርብ ግን ብድግ ብላ፣ "ጎማ ሌላ ነገር ይተካዋል፤ እሷን ማን ይተካታል?" አለች። ሁሉም እጁን አወጣ። ጎማው ወጣ። ጓንቱ፣ ቱቦው፣ ደም ሲቀዳ ክንድ ላይ የሚታሰረው ሳይቀር በሌላ ተተካ፣ ክፍሉም ከላይ እስከ ታች ታጠበ። ፍልቅልቋ በደስታ ብትመለስም ልቧ አላረፈም። አንድ ሰው ቢረሳስ?

እህቷ ምጥ የያዛት ቀን ጉድ ሊፈላ ነበር። የታክሲ ሹፌሩን የእህቷን ባል ደስታ ናላውን አዙሮት እቅፍ ሙሉ ፊኛ ይዞ ከተፍ! ፊኛ እኮ ያው ጎማ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ቀድማ አይታው የመወልወያዋን እንጨት በሩ ላይ አጋደመችበት። ዋና ነርሷ በሩን ጠርቅማ በመስኮት አፈጠጠችበት፤ ፊኛውን ጥሎ፣ ታጥቦ፣ ጋውን ካልለበሰ ንቅንቅ እንዳይል ነገረችው። አባት ልሆን እኮ ነው እያለ ቢለምን ማን ሰምቶት!

ውስጥ ፍልቅልቋ ጎንበስ ብላ እህቷን አይዞሽ፣ ግፊ፣ በርቺ ትላለች። ሕፃኗ እጇ ላይ ዱብ አለችና ክፍሉን በለቅሶ አናጋችው። እህቷ ግን ላብ እንዳጠመቃት ቀና ብላ የታላቋን ፊት ፊቷን ታያለች፤ ልጇን ገና አላየችም።

"እህቴ፣ ደህና ትተነፍሻለሽ?"

"እተነፍሳለሁ፣ የኔ እናት፤ አሁን ልጅሽን እዪ" አለችና ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኛችላት።