የትል ፀበል

በዚያ ክረምት የሳነቴ ተራራ ጉም ባሌ ሮቤ ድረስ ወርዶ፣ ብርዱ የወይዘሮ ፀዳለን ጉልበት እንደ ክፉ ምራት ይነዘንዝ ነበር። የጓሮ ክፍላቸውን የተከራየው ሰውዬ ግን ዝናብ አይበግረውም፤ ከረባት አስሮ፣ ቦቲ ተጫምቶ፣ አጥሩ ሥር ሽንኩርት የሚመስል የአበባ ሥር ይተክላል።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አሉት።

«ለሚስቴ። ሲያብብ እመጣለሁ ብላኛለች፣ እማማ።»

ትል ቅጠሉን ሲጀምርበት እንቅልፍ አጣ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣና የላም ሽንት በጥብጦ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ በረንዳው ላይ አስቀመጠ። ወይዘሮ ፀዳለ ጎረቤት ያመጣላቸው ፀበል መስሏቸው፣ በስመ አብ ብለው ፊታቸውን ታጠቡበት።

«ተቃጠልኩ! ሰይጣኔ ሊወጣ ነው!»

«ዋቃዮ! እማማ፣ የትል መድኃኒት እኮ ነው!» ብሎ ውሃ ይዞ ሮጠ።

«ታዲያ ለእኔ ሰይጣን ምን ያንሰዋል!»

በመስከረም አበባው ቀይ ሆኖ ፈነዳ። ሰውዬው ቦቲውን ጠርጎ የግቢው በር ላይ ቆመ። አበባው እስኪረግፍ በየቀኑ ቆመ። ከዚያ ሥሩን ነቅሎ በማዳበሪያ ከረጢት ያዘ።

«ብትመጣስ?» አሉት።

«አጋርፋ ከተማ ነው በሏት።»

አሁንም አጋርፋ ነው። ሌላ ግቢ ተከራይቶ አጥሩ ሥር ይቆፍራል።