ዓይንዎ ነው አልኳቸው

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ እሷ ደግሞ የደበቅኳት ነገር ያለ አይመስላትም፣ ምስኪን። ክርስቲያን ጓደኞቼ ነገር ሲከብዳቸው ለንስሐ አባታቸው ይናዘዛሉ። እኛ ዘንድ ግን የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ባለሐቁ ፊት ቆሞ፣ ያጠፋውን ተናግሮ፣ «አፉ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ አለበት፤ መሐል ገብቶ የሚያቃልልለት የለም። እኔ ባለሐቋ ፊት ቆሜ አውቃለሁ። አፉ በሉኝ ብዬም አውቃለሁ። ያጠፋሁትን ግን አልተናገርኩም። ነገ ልናገር ነው። እስከዚያ አንደበቴ እንዲፈታ እናንተ ላይ ልለማመድ፤ ታገሱኝ።

ኢብራሂም እባላለሁ፣ የመርሳ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ እማማ ሐዋ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ሰው ስልክ ላይ ፊልምና ዘፈን መጫን ነው። መርሳም ሆነ ግራና ከተማ ገበያ በዋለ ቁጥር ላፕቶፔን አዝዬ እሄዳለሁ፤ ገበያተኛው ስልኩን ይሰጠኛል፣ እኔ እሞላለታለሁ። ለዚህ ሥራ አዲስ አዲስ ፊልም ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል። ለማውረድ ደግሞ ፍጥነት ያስፈልጋል። የኔ መዘዝ ሁሉ የመጣው ከዚህች ከፍጥነት ነው። ውሸቴን ነው፤ ፍጥነት ምን አደረገች? መዘዙ እኔው ነኝ።

እማማ ሐዋ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ዘይነብ ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራባቸው ሴት ነበሩ። እንደ ልጅ ነው የያዙኝ። ረመዳን ሲሆን ለብቻዬ አፍጥሬ አላውቅም፤ መግሪብ ሊል ሲል በሬን በሻሽ ጫፋቸው እየመቱ «ኢብሬ፣ ውጣ እንጂ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ!» ይሉኛል። ታምሜ ስተኛ ትኩሳቴን በእጃቸው ጀርባ የለኩኝ እሳቸው ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁት ነው።

አንድ ቀን ዘይነብ «እማ፣ ቤት ውስጥ ዋይፋይ አስገቢ፣ አርብ አርብ ፊትሽን ልይ» አለቻቸው። ጂዳ ላይ አሠሪዎቿ የሚለቋት አርብ ከጁምዓ በኋላ ብቻ ነበር። እማማ ሐዋ እኔን ጠሩኝ። ያኔ ሁለት ዓይነት ኢንተርኔት ነበር፤ አንደኛው ከምሰሶው በሽቦ የሚገባ፣ ሌላኛው ወጣቶች በየመንገዱ ጥላ ዘርግተው የሚሸጡት፣ ሲም የሚጎርስ ሳጥን። «እኔ ምኑን አውቄ? ላንተ የተሻለው ለኔም ይሻለኛል፣ አንተው ምረጥ» አሉኝ። መረጥኩ። ለማወርደው ለኔ የሚሻለውን፣ የሽቦውን መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር ለሳቸውም የሚሻለው እሱ ነበር። የወሩን ክፍያ ላግዝዎ ስላቸው ተቆጡ፤ «አብረን እንጠቀማለን፣ ምኑ ያልቃል?» ብለው እጄን መለሱት።

ምኑ ያልቃል አሉ። ያልቃል እኮ። መስመሩ አንድ ነው። አርብ ከሰዓት ለማግስቱ ገበያ ፊልም የማወርድበት ሰዓትና ዘይነብ የምትደውልበት ሰዓት ገጠሙ። እሳቸው ሲያወሩ የኔ ይንቀራፈፋል። እኔ ምን አደረግሁ? ዋይፋዩን የሚረጨውን ሳጥን የገጠምኩት እኔ፣ ቁልፉ፣ የይለፍ ቃሉ ማለት ነው፣ ያለው እኔ ዘንድ፤ ውስጡ ገባሁና የእማማ ሐዋን ስልክ ለይቼ ገደብ አበጀሁበት። ወደ ስልካቸው የሚገባውን ኢንተርኔት አነቅሁት። ከስልካቸው ወደ ልጃቸው የሚወጣውን አልነካሁትም፤ እሱ እኔን አይሻማኝም። ክፍሌ ቁጭ ብዬ፣ የሰጡኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው ያነቅሁት። ደግሞ እኮ አልከበደኝም! ጉዳዩ የከበደኝ ኋላ ነው።

እንግዲህ ስሙ። በሚቀጥለው አርብ ድምጿ ይመጣል፣ ፊቷ ግን አይመጣም። ይመጣና ጭጋግ ይሆናል፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። እማማ ሐዋ ስልኩን በሻሻቸው ይወለውላሉ። ወደ ብርሃን ይወጣሉ፣ ወደ ጥላ ይገባሉ። «ዘይኑ፣ ፊትሽ ጭጋግ ሆነብኝ» ይሏታል። ዘይነብ «ፍጥነቱ አንሶ ይሆናል፣ ከፍ ያለውን አስገቢ፣ ባለሙያ ይምጣና ይየው» አለች።

ባለሙያ ይምጣ ስትል በሬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ፍጥነቱ ቢጨመር ለኔም ሠርግ ነበር። ግን ባለሙያው ሳጥኑን ሲከፍት ያበጀሁትን ገደብ ያየዋል። «ይህን ማን አደረገ?» ይላል። በግቢው ውስጥ ከኔ በቀር ይህን የሚያውቅ አለ? ስለዚህ ሮጬ ሄድኩና ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ እንዲህ አልኩ፦

«እማማ፣ ኢንተርኔቱ ደህና ነው። እሷ እርስዎን ጥርት አድርጋ ታይዎት የለ? ዓይንዎ ነው።»

ዓይንዎ ነው አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ዘይነብም ከወዲያ «እውነት ነው፣ እኔስ ጥርት ብለሽ ነው የምትታይኝ» አለች። የኔን ውሸት አላህ አያጽናው፤ የሳቸው ልጅ አጸናችው። እማማ ሐዋ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው «እህ፣ እርጅና እኮ ነው» አሉ። አይ እኔ! ያን ቃል ሰምቼ እንዴት ቆሜ ሄድኩ?

ደግሞ እኮ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት ነበር። ምስር ሲለቅሙ አንዲት ጠጠር አታመልጣቸውም። መርፌ ውስጥ ክር የሚከቱት ያለ መነጽር ነው። አንድ ቀን ጎረቤታቸው እትዬ ከዲጃ ይህን አይታ «ኧረ ሐዋ፣ ምኑን ነው ዓይኔ ደከመ የምትዪው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ያሉትን እስከ ዛሬ ሳስበው መሳቅም ማልቀስም ያምረኛል።

«ቅርቡንማ አያለሁ። ሩቁን ነው ያቃተኝ። ጂዳ ሩቅ ነዋ!»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ከዲጃ ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ ነው ብላ። በስልክ ውስጥ ያለች ልጅ ባሕር ማዶ ስላለች ዓይን ባሕሩን መሻገር አቃተው ማለት ነው። እኔ ብቻ ባሕሩ የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ክፍሌ ውስጥ፣ ላፕቶፔ ላይ ነበር።

በባጃጅ ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰድኳቸውም እኔው ነኝ። ይህን ምን ትሉታላችሁ? ያሳወርኳቸው እኔ፣ እጃቸውን ይዤ የምመራቸው እኔ። ሐኪሙ መረመራቸውና «እናቴ፣ ለዕድሜዎ ዓይንዎ በጣም ደህና ነው» አላቸው፣ ለድርቀት የምትሆን ጠብታ ሰጣቸው። ሲወጡ በጆሮዬ «ይሄማ ግድግዳው ላይ ያለውን ነው ያስነበበኝ፤ ጂዳን መች ለካው?» አሉኝ። አቀርቅሬ «እውነትዎን ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ሐዋ ፊት ማየቱን ተዉት። ዘይነብ ስትደውል ስልኩን ደረታቸው ላይ ያደርጉና «ድምፅሽ ይበቃኛል፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ረመዳን አለቀ፣ ኢድ ሆነ፣ አረፋ ደረሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት እናት የልጇን ፊት አላየችም። እኔ የሕንድ ፊልም አወርድ ነበር።

የአረፋ ሰሞን አንድ አርብ፣ የአስር ሰላት ሰግደው እንደጨረሱ፣ በደጃፋቸው ሳልፍ «ኢብሬ፣ ቁጭ በል፣ ዱዓ ላድርግልህ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ የኔን ዓይን ብትወስደው ያንተው ነው። የዚህን ልጅ ዓይን ግን ጠብቅልኝ። ዓይን ሆኖኛልና።»

«አሚን በል እንጂ!» አሉኝ። አሚን ማለት አቃተኝ። አሚን ብል በራሴ ላይ የምፈርድ መሰለኝ፤ ባልል ደግሞ ምን ብዬ ነው የምነሳው? «ሆዴን አሞኛል» ብዬ ተነሳሁ። ክፍሌ ገብቼ ያን ገደብ አነሳሁት። ይኸው ነው። የጣት ሥራ ነው። ስታንቀውም የጣት፣ ስትለቀውም የጣት።

ወጥቼ ግን አልተናገርኩም። ይልቅ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ እስቲ ይሞክሩት» አልኳቸው። ዘይነብ ደወለች። ስልኩን ከደረታቸው አንስቼ ፊታቸው ላይ ያዝኩላቸው።

«ያላህ! ታየችኝ! ዘይኑዬ ታየችኝ!»

እልል አሉ። እትዬ ከዲጃ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። እኔ ከደስታ ብዛት ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ እልልታው ቀጥ አለ። እማማ ሐዋ ስልኩን ነጥቀውኝ አስጠጉት።

«ዘይኑ። ከስተሻል። ዓይንሽ ምን ሆኗል? ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል!»

ዘይነብ መጀመሪያ «መብራቱ ነው» አለች። ቀጥላ አለቀሰች። ለካ ከታመመች ቆይታለች። ጉበቷን ነበር። እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ በድምፅ እየሳቀች ትደብቃለች፤ አሠሪዎቿም ሥራውን አላቀለሉላትም። ፊቷ ይናገር ነበር፣ ፊቷን እኔ አንቄው ነበር። እማማ ሐዋ ያኔውኑ «ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ! ምንም አልፈልግም፣ አንቺን ነው የምፈልግ» አሏት። መጣች። ሆስፒታል ስትመረመር ቦርሳዋን ይዤ ቆሜ ነበር። ሐኪሟ «ቀደም ብትመጪ ይህን ያህል አትሰቃዪም ነበር፤ ብትዘገዪ ደግሞ ከእጃችን ትወጪ ነበር» አለቻት። ቀደም ብትመጪ ስትል ወለሉን አየሁ። የመጀመሪያው የኔ ነው። ሁለተኛውን ያቆመው ጌታ ነው፣ ምስጋና ይድረሰው።

ዳነች። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች! ዛሬ ጤነኛ ነች፤ እዚያው ወልድያ ከእናቷ ጋር ሆና ቀሚስ በቀጥታ ቪዲዮ እያሳየች ትሸጣለች። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። ባትድን ኖሮ ይህን ለመጻፍ እጅ አይኖረኝም ነበር። ስለ እያንዳንዱ ሳቋ አላህን አመሰግናለሁ፤ ስለ ዱዓቸው እማማ ሐዋን አመሰግናለሁ፤ የማይገባኝ ዱዓ ነው ከዚያ ጉድጓድ ያወጣኝ።

ምስጋናውስ ለማን ሆነ መሰላችሁ? ለጠብታዋ! «ያቺ ጠብታ ጂዳን አሳየችኝ» እያሉ ሰፈሩን አዳረሱት። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉ እናቶች እየመጡ «ኢብሬ፣ የጠብታዋን ስም ንገረን» ይሉኝ ጀመር። ነገርኳቸው እኮ! ጉድ በሉ። እማማ ሐዋም «ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ እሱ ነው» እያሉ በየደረሱበት መረቁኝ። በውሸቴ ላይ ምርቃት በላሁበት።

ላገባ ወደ መርሳ ስመለስ ልሰናበታቸው ገባሁ። በኛ አገር ሰው ሲለያይ አፉ ይባባላል፤ አብሮ ሲኖር ሳይታወቅ የተበደለ ይኖራል ተብሎ። ቀድመው እሳቸው እጄን ያዙ፤ «ኢብሬ፣ ክፉ ተናግሬህ፣ ያንተን ሐቅ በልቼ እንደሆን አፉ በለኝ» አሉ። እሳቸው! እኔን! ዕንባዬ መጣ። «አፉ ብያለሁ፣ እርስዎም አፉ በሉኝ» አልኩ። «ለምኑ?» ሊሉኝ ይችሉ ነበር። አላሉኝም። «ከልቤ አፉ ብያለሁ፣ ምን አድርገኸኝ!» አሉ። ምን እንዳደረግኋቸው ሳልነግራቸው ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ፈሪ ነበርኩ። ወጣትነት ነው፣ ድህነት ነው ልል እችላለሁ፤ አልልም። ድሃም ወጣትም ሆኖ የእናት ዓይን የማያንቅ ሞልቷል።

ትናንት ዘይነብ ደወለችልኝ። ሰፈራቸው አዲስ ፈጣን መስመር ገብቷል፤ ሁለቱም ድርጅቶች በሩን እያንኳኩ ነው፤ አንዱ ፍጥነቱን ያወድሳል፣ ሌላው አለመቆራረጡን። «ናና ምረጥልን፣ እማ ካንተ ሌላ አላምንም ብላለች» አለችኝ። ከኋላዋ የእማማ ሐዋ ድምፅ ተሰማ፦ «የትኛው ነው ፊት የሚያሳየው በዪው!»

ነገ በጧት ሚኒባስ ወደ ወልድያ እሄዳለሁ። እመርጥላቸዋለሁ። ሳጥኑን ባለሙያው ይገጥማል፣ ቁልፉን ለዘይነብ ያስረክባል፤ እኔ አልነካውም። ከዚያ እማማ ሐዋ ፊት እቀመጥና እንዲህ እላለሁ፦ እማማ፣ ያኔ ሳያውቁ አፉ ብለውኛል። ያንን መልሼልዎታለሁ፣ እንዳልተባለ ይቁጠሩት። አሁን ሰምተው፣ ሲፈልጉ አፉ ይበሉኝ፣ ሳይፈልጉ ይተዉት።

ዓይንዎ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።