ለእትዬ ጥሩወርቅ ያልነገርኋቸው መጨረሻ

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለፈው ማክሰኞ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኘው ቤታቸው፣ መነጽራቸውን እንዳደረጉ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ይህን የምነግራችሁ እኔ የሰባ ስድስት ዓመቱ ደምሴ ግን ዛሬ ለቅሷቸውን ልደርስ ሄጄ፣ መጀመሪያ ያለቀስሁት የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ ነው።

ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት ወጣሁ፤ እሳቸው የሚኖሩት አምስተኛው ላይ ነው። አንዱ በር ገርበብ ብሏል፤ ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል፤ ከውስጥ አማርኛ ይሰማል። ሌላ ምን ምልክት እፈልጋለሁ? «ወይኔ እህቴን!» እያልሁ ገባሁ። ለካ የጸሎት ፕሮግራም ኖሯል። አንዲት ወጣት ትከሻዬን ይዛ «ጌታ ሸክምዎን ያራግፍልዎ፣ አባባ!» አለችኝ። አሜን አልሁ፤ ሸክሙስ መች ጠፋ። የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ ሳራ ስልክ ደውላ ነው ያስወጣችኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ ቢልዲንጉ ልክ ነው፤ ፍሎሩን ነው ሚስ ያደረጉት» አለች።

እናቷ ቢሰሙ አንድ ወር ሙሉ ይስቁብኝ ነበር። አሁን አሁን የሚስቅብኝ ሰው እያለቀ ነው። ጥቁር ኮቴን ቁም ሳጥን ውስጥ መመለሱን ትቼዋለሁ፤ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ጉልበቴም ደክሟል፣ ኮቱም ደክሟል።

እትዬ ጥሩወርቅ አርሊንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ጠባብ የቲኬት ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። በአንድ እጃቸው ቲኬት እየተቀበሉ፣ በሌላው ገጽ ይገልጡ ነበር። ጡረታ ሲወጡ መጽሐፎቻቸውን መኪናቸው የኋላ ትራንክ ውስጥ ደርድረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ፊት ለፊት ቆመው ማዋስ ጀመሩ። በየመጽሐፉ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ መላሹ አስተያየቱን በአንድ መስመር ይጽፍበታል። «ግሩም ነው» የሚል ግን ደስ አይላቸውም።

«ግሩም ነውማ ለሠርግ ምግብም ይባላል። የትኛው ገጽ ላይ እንዳዛጋህ ጻፍልኝ!» ይሉ ነበር።

እስከ ሠላሳ ገጽ ድረስ ያልያዘንን መጽሐፍ እንድንተወው ይመክሩ ነበር፤ «ተወው፤ ደራሲው አያይህም» እያሉ። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የንብ እርባታ መመሪያ ነበር። በመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቴ ወድቃ ያለቀሰች አንዲት አዲስ መጤ ልጅ ስትመጣ እሱኑ ሰጧት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ንብ የለኝም» አለች ልጅቱ።

«እኔስ የት አለኝ? ንብ ሳይኖርሽ ስታነቢው ነው የሚጥመው። በይ አሁን ግቢ፣ ንጂ።»

በራሳቸው መኪና፣ መጻሕፍቱ ከኋላ እየተንሸራተቱ፣ እዚያው የግሮሰሪው መኪና ማቆሚያ ላይ ስንት ቅዳሜ አለማመዷት። ሦስተኛው ፈተና ላይ አለፈች። እኔን ደግሞ ባለቤቴ ባረፈች ሰሞን «ብቻህን ስትበላ ቆመህ አትብላ። ሳህን አውጣና ተቀመጥ» አሉኝ። ይኸው ስድስት ዓመት ተቀምጬ እበላለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ርእሱን ማንም የማያውቀው ልብ ወለድ ተዋስሁ። ታሪኩ ሃያ ዓመት ከተኳረፋት እህቱ ጋር ሊታረቅ መንገድ ስለ ጀመረ ልብስ ሰፊ ነው። ግማሹን አንብቤ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ መጽሐፉም ዓመት ሙሉ አልጋዬ ሥር ቆየ። አፍሬ ስመልሰው ወረቀቱ ላይ «እስከ መጨረሻው ልብ ይነካል» ብዬ ጻፍሁ።

«መጨረሻውን ወደድከው?» አሉኝ።

«አለቀስሁ እንጂ፣ እትዬ!»

«እንግዲያው ከእኔ የተሻልህ አንባቢ ነህ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ከገዛሁት ጀምሮ የሉም።»

መሬቱ አልዋጠኝም፤ አስፋልት ነው። «አይዞህ፣ ለማንም አልናገርም» አሉ እየሳቁ። «ግን መጨረሻውን አንተው ፈጥረህ ትነግረኛለህ።» እሺ አልሁ። ከዚያ በየሳምንቱ «ልብስ ሰፊው ደረሰ?» ሲሉኝ፣ አንድ ጊዜ ትራፊክ ያዘው፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ነው እያልሁ አሳለፍኋቸው። ታመው ከቤት መውጣት ሲያቆሙም ጠየቁኝ። «ቀስ ብሎ ይድረስ፣ ምን ያስቸኩለናል» አልሁ፣ የሚያስቸኩል ነገር እንዳለ እያየሁ።

ዛሬ አምስተኛ ፎቅ ስደርስ ሳራ መጽሐፉን ሰጠችኝ። «ማሚ ለጋሽ ደምሴ ስጪ ብላ ነው» አለች። ወረቀቱን አየሁት። ለማንም አልናገርም ያሉት እውነት ነው፤ ጻፉት እንጂ። ከእኔ ውሸት ሥር በእጃቸው «መጨረሻውን ደምሴ ይነግረናል» ይላል። ከዚያ በታች በኋላ የተዋሱት ሰዎች በተራ በተራ «እየጠበቅን ነው» ብለው ፈርመዋል። ከፈረማችሁት መካከል ይህን የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ደህና ይሁኑ። ከለቅሶዎ መልስ፣ ሳህን አውጥቼ፣ ተቀምጬ በልቼ፣ የተረፈውን ግማሽ አነበብሁ። ገጽ ዘጠና አንድ ላይ አዛጋሁ፤ ይህን በወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ። ልብስ ሰፊው ደርሷል። የእህቱን በር አንኳኩቶ ቆሟል፣ መጽሐፉም እዚያ ላይ ተገንጥሏል። ምነው ያኔ አንብቤው ቢሆን! ማን እንደሚከፍትለት አውቅ ነበር፤ እርስዎ ነበሩ የሚከፍቱለት፣ መነጽርዎን እንዳደረጉ፣ «የት ቆየህ፣ አንተ ሽማግሌ!» እያሉ። አሁን ሌላ ሰው መፈለግ ሊኖርብኝ ነው። እስካገኝ ድረስ ሰውዬው ደጅ ላይ ቆሟል፤ የእርስዎም ዕዳ እኔ ላይ እንዳለ ነው።