ሙከራው እስኪያልቅ የደበቅነው ሕመም

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። በፈረንጆቹ 2017 መስከረም ላይ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የገጠመኝ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚህ ደግሞ በአማርኛ በሚወጣ ወርሃዊ ጋዜጣ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በቀላሉ የምቆጣ ሰው አይደለሁም፤ ብቆጣም ቁጣዬን ጽሑፍ ውስጥ አላስገባም። ይህን የምጽፈው ቁጣው ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልወጣልኝ ነው። ከምቆጣባቸው ሰዎች አንዷ እኔ መሆኔንም ከአሁኑ ልናገር።

የጋዜጣችን አዘጋጅ ራሔል ስለምትባል ወጣት መሐንዲስ እንድጽፍ አዘዘኝ። አውሮፓ ውስጥ፣ ከመሬት በታች፣ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን እያስሮጠ የሚያጋጭ ትልቅ ማሽን አለ። ያንን ማሽን ለማሻሻል አውሮፓውያን፣ ጃፓኖችና አሜሪካውያን ሥራውን ተከፋፍለው አዳዲስ ማግኔቶች ይሠራሉ። አንደኛው አገር ገመዱን ይሠራል፣ ሌላው ይጠመጥማል፣ ሌላው ይፈትሻል። ራሔል የምትሠራው የሚፈትሹት ዘንድ ነው። ቤተ ሙከራቸው እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሃውቶርን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካዎች መካከል ያለ መጋዘን ነው።

ራሔልን ለማግኘት በአጎቷ በጋሼ መኮንን በኩል ሄድኩ። ጋሼ መኮንን የሐበሻ ሱቆች በበዙበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጡበት ትንሽ ቢሮ አላቸው። በሰፈራችን ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ከሁሉም ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። መርዶ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው እሳቸው ዘንድ ነውና። በረራ በበረራ ቀይረው፣ አየር መንገዱን ለምነው፣ ሰውን ለቀብር ያደርሳሉ። በዚህ ሁላችንም እናከብራቸዋለን።

ስለ ራሔል ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ግድግዳው ላይ ነጭ ካፖርት ለብሳ ከማግኔቱ አጠገብ የቆመችበት ፎቶ ተሰቅሏል። ከዚያ ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ሶስና፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካንቺ አይውጣ» አሉኝ። «አባቷ፣ ወንድሜ ግርማ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቷል። ኩላሊቱ ነው። ነገሩ ጥሩ አይደለም።»

«ራሔል አታውቅም?»

«አታውቅም። የማግኔቱ ቴስት ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ግርማ ራሱ ነው 'ሥራዋን ሳትጨርስ አትንገሯት' ያለው። የአባት ቃል ነው፤ ምን ላድርግ? አንቺም እንዳያመልጥሽ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። መቼ ነው ያሉት? ለማን? በጽሑፌ ውስጥ የአንድ መንገድ ስም እንኳ ከሁለት ሰው ሳልጠይቅ አልጽፍም። ይህን ግን ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼ ወሰድኩ። ምክንያቱም ልማዳችን ነው፤ ክፉ ወሬ በጊዜው፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራል ብለን ነው ያደግነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ሃውቶርን ሄድኩ። ራሔል ሳቂታ ናት፤ እጇ ላይ የጥቁር ቅባት ምልክት ነበር። ማግኔቱን አሳየችኝ፤ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሚረዝም የብረት ቧንቧ ይመስላል። በፈሳሽ ሂሊየም ተነክሮ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሰባ አንድ ዲግሪ ድረስ እንደሚቀዘቅዝ ነገረችኝ። ቁጥሩን ጻፍኩና «እርግጠኛ ነሽ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት።

«እትዬ ሶስና፣ እኔን ካላመንሽ ግቢና ለኪው!» ብላ ሳቀችብኝ።

ማግኔቱ ሲበላሽ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኳት።

«አንዳንዴ ውስጡ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞቅና ኃይሉን በሙሉ በአንዴ ይለቀዋል። ሶ፣ ያኔ ወዲያው ሁሉም አገር በሚያየው መዝገብ ላይ እንጽፋለን። ጃፓን ያለው ተኝቶም ቢሆን ሲነሳ ያየዋል። ነገ አስተካክለን ከዚያ እንናገር የሚባል ነገር የለም። አንድ ልጅ እንደዚያ አድርጎ ከቡድኑ አስወጥተውታል።»

«በአንድ ስህተት?»

«በስህተቱ አይደለም። ስህተትማ ሁላችንም እንሠራለን። በመደበቁ ነው።»

ይህን እየሰማሁ እጽፍ ነበር። ልንለያይ ስንል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ ሰሞኑን ስልክ አያነሳም። እህቴ ስደውል 'ተኝቷል' ትለኛለች። ጉንፋን ነው አሉኝ። አጎቴ የነገረሽ ነገር አለ እንዴ?»

«የለም» አልኳት። «ጉንፋን ይሆናል።»

ይህቺን ቃል ስናገር ብዕሬ እጄ ላይ ነበር። ወደ መኪናዬ ሄድኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ለጋሼ መኮንን «ኦኬ ናት፣ ምንም አላወቀችም» ብዬ ሜሴጅ አደረግኩ። አመሰገኑኝ።

ጋሼ ምሥጢሩን በነገሩኝ በአሥረኛው ቀን ራሔል ደወለችልኝ። ከአውሮፓ የተላከ አንድ የማያያዣ ዕቃ ተሰንጥቆ ስለደረሰ ሙከራው ለሦስት ሳምንት ተራዝሟል፤ ጽሑፉን እንዳልቸኩልበት ልትነግረኝ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ።

«ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት አላት። አሁን ይንገሯት፤ ሄዳ አይታቸው ትመለሳለች» አልኳቸው።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ከወጣች ቪዛዋን ኤምባሲ ማሳደስ አለባት። ቢከለክሏትስ? የስንት ዓመት ልፋት ገደል ይግባ? አንቺ የሰው ልጅ ላይ ትፈርጃለሽ።»

«አባቷ ናቸው ያሉት ብለውኝ ነበር እኮ። ስለ ቪዛ አልነገሩኝም።»

«እሱም ብሏል።»

«መቼ አሉ?»

ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ወረቀቶች ሰበሰቡ። ከዚያ «አንቺ ደግሞ የጋዜጣ ጥያቄሽን እኔ ላይ አምጪው እንግዲህ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዞሩ። ልጠይቃቸው የሚገባኝን ጥያቄ በአሥር ቀን ዘግይቼ ጠየቅኩ፤ መልሱን ግን ካዞሩት ፊታቸው አገኘሁት።

በማግስቱ ጠዋት የራሔልን እህት ስልክ ከአንዲት የጋራ ወዳጃችን ተቀብዬ አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚያ ምሽት ነበር። እህቷ ብሩክታዊት የምትባል ናት፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆና ነው ያነጋገረችኝ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳትና አባቷ ስለ ራሔል ምን እንዳሉ ጠየቅኳት።

«ኧረ እትዬ፣ አባዬ በየቀኑ ነበር የሚጠራት» አለች። «'ራሔል መጣች?' ይል ነበር። ጋሼ ናቸው እንዳንነግራት የከለከሉን። እሱ ሲጠይቅ ደግሞ 'ሰምታለች፤ ሥራዬን ስጨርስ እመጣለሁ ብላለች' በሉት አሉን። እንደዚያው እያልነው ቆየን።»

«አባትሽስ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ 'ይሁን፣ ትጨርስ' ይል ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ከሰኞ ወዲህ መጠየቅ ትቷል።»

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ልጅቷ ምንም አታውቅም። አባቷ ደግሞ ልጄ ሕመሜን ሰምታ ሥራዋን መረጠች ብለው ተኝተዋል። አንድ ሽማግሌ በሁለቱ መካከል ቁጭ ብሎ ለሁለቱም ዋሽቷል። እኔም አግዤዋለሁ።

«ብሩክታዊት፣ አሁኑኑ ገብተሽ ለአባትሽ እውነቱን ንገሪያቸው» አልኳት። «አልነገርናትም በያቸው። እኔ አሁን ሄጄ ልነግራት ነው።»

«ጋሼ ቢቆጡስ?»

«ይቆጡ።»

ወደ ሃውቶርን ነዳሁ። ራሔል በር ላይ መጥታ ስታየኝ ፎቶ ላነሳ የመጣሁ መስሏት ነበር። ቆሜ ነገርኳት። የሰማሁትን በሰማሁበት ቅደም ተከተል፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። አባቷ የተነገራቸው ነገር ላይ ስደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ወደዚህ ከመምጣቴ ከሁለት ቀን በፊት።»

«ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የሂሊየሙን ዲግሪ ሁለት ጊዜ ጠየቅሽኝ እኮ! እንዳትሳሳቺ። የኔን አባት ግን ጉንፋን ነው አልሽኝ።» ጮኸች። «አጎቴ የሚያውቀው ይሄንን ነው፤ እንደዚህ ነው ያደገው። አንቺ ግን ሥራሽ ምንድን ነው? ሥራሽ ምንድን ነው?»

ማስታወሻ ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ጩኸቱን ሰምተው አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ወጡ። ማግኔቱን ይዘው ከአገራቸው የመጡ የቡድኑ መሪ ናቸው። ራሔል በእንግሊዝኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ሰዓታቸውን አዩ። «ይህ ሥራ የአሥር ዓመት ሥራ ነው» አሉ። «ማግኔቱ ይጠብቅሻል። ዛሬ ሂጂ።» ራሳቸው ቦርሳዋን ከጠረጴዛዋ አምጥተው ሰጧት። ሁሉ ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ መኮንን አይቻልም ብለው የደመደሙት ነገር፣ የሚመለከተው ሰው ሲጠየቅ፣ አምስት ደቂቃ ነበር።

ቲኬቱን ስልኳ ላይ ራሷ ቡክ አደረገች። ወደ አጎቷ ቢሮ አልሄደችም። ኤርፖርት ላድርስሽ ስላት «አይ፣ ታክሲ እይዛለሁ» አለችኝ።

አቶ ግርማ ያረፉት ራሔል አየር ላይ ሳለች ነው። ቀብሩ እስክትደርስ ተጠብቋል። በሕይወት ግን አልደረሰችባቸውም።

ጋሼ መኮንን ቤት ለቅሶ ተቀመጡ። እኔም ሄድኩ፤ መሄድ ስላለብኝ። ቤቱ ሞልቷል። አንዲት ሴትዮ «አይ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ብቻዎን ተሸክመው! ልጅቷ እንዳትደናገጥ ብለው ስንቱን ቻሉት!» ትላለች። ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሼ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ማዘናቸው እውነት ነበር፤ ወንድማቸው ነው። ይህን መካድ አልችልም። ነገር ግን ምስጋናውን ሲቀበሉ አየሁ።

«ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄን ሳላነሳ። «አቶ ግርማ ልጄ ሰምታ ቀረችብኝ ብለው ነው የሰነበቱት። ያንን እንዲነግሯቸው ያዘዙት እርስዎ ነዎት። የረዳሁዎት እኔ ነኝ። እዚህ የተቀመጠው ሰው ይህንንም ይወቅ።»

ሴትዮዋ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ሶስና፣ ቦታው አይደለም» አለኝ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው።

«ቦታው የት ነው?» አልኩት። ጋሼ ግን «ለእሷ ብዬ ነው» አሉ፣ ወለሉን እያዩ። «ለእሷ ብዬ።» ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ሰላምታ የነሱኝ ሰዎች አሉ። ስም አልጠራም።

ራሔል ከአምስት ሳምንት በኋላ ቪዛዋ ታድሶ ተመለሰች። ሙከራውም ተሳካ፤ ማግኔቱ ወደ አውሮፓ ተላከ። ጽሑፉን ግን አልጻፍኩም። አዘጋጁ ሲጠይቀኝ ስለ እሷ ለመጻፍ መብት የለኝም አልኩት።

አንድ ቀን ደወለችልኝ። ከሃውቶርን ቀን ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰላምታ አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባዬ እውነቱን ሰምቶ ነው የሞተው?»

ይህን ጥያቄ ከእሷ በፊት እኔ ጠይቄው ነበር። ብሩክታዊት ከኔ ጋር ተነጋግራ እንደጨረሰች ገብታ ጆሯቸው ላይ እንደነገረቻቸው፣ እጇን ጨበጥ እንዳደረጓት ነግራኛለች። በዚያ ምሽት ተረኛ የነበረችው ነርስ ደግሞ ከቀትር ጀምሮ ራሳቸውን ስተው እንደነበር፣ ምንም እንደማይሰሙ ለቤተሰቡ ተናግራለች። ራሔል የትኛውን መስማት እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ሁለቱንም ነገርኳት። የትኛው እንደሆነ አላውቅም አልኳት።

«እሺ» አለች። ዘጋችው።

አልፈረድኩባትም። ይቅርታም አልጠበቅኩም።

ጋሼ መኮንን ዛሬም «ለእሷ ብዬ ነው» ይላሉ። ለቅሶ ቤት የነበሩት ሁሉ ለእሷ ብለው ነው ይላሉ። እኔም ሃውቶርን ላይ «የለም» ያልኳት ለእሷ ብዬ ነበር። ጋሼ፣ የአዲስ አበባው ቤተሰብና እኔ ሆነን፣ በሁለት አገር፣ ስለ አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት አባት ወሰንን። እሷን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።