ይሰረዝ የተባለው ሰማያዊ በር

ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ማሻሻያ» ይለዋል፤ እጁ የገባ ወሬ ሳይሻሻል ወጥቶ አያውቅማ። ጠዋት አንዱ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ውሻ ጮኸብኝ» ካለ፣ ከሰዓት በኋላ የሚላጨው ሰው ውሻው ጥጃ ያክል እንደነበረ፣ ሰውዬውም አጥር ዘሎ የማያውቀው ሰርግ መሃል እንደወደቀና ከሙሽራዋ ጋር ጨፍሮ እንደወጣ ይሰማል። ውሸታም እንዳትሉት። ውሸታም ሲዋሽ የሚያገኘው ነገር አለ፤ እሱ ምን ያገኛል? ወሬ ከስቶና ገርጥቶ ሲመጣበት አንጀቱ አይችልም፣ በቃ።

ታዲያ ያ ውሻ የጮኸበት ደንበኛ የሴት ልጁ እጮኛ ነበር። ያንን የሰርግ ወሬ ደግሞ የሰሙት የእጮኛዋ እናት ናቸው፤ ያውም ከአትክልት ሻጯ።

እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት የምስክር ቃል ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አንድ ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ከሳተች ራሳቸውን ያማቸዋል። ልጃቸውን ጠርተው «ልጅቷን ወድጃታለሁ። ግን አባቷ የሚሉትን ማመን ካልቻልኩ፣ ነገ የልጅ ልጆቼን ምን ብዬ ነው እሳቸው ጋ የምተወው?» አሉት። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። «ቤታቸው ሄጄ አይቼ ልወስን» አሉ።

እሁድ ለምሳ ሊመጡ ሆነ። ልጅቷ አባቷን ጓዳ አስገብታ ያዘችው።

«አባዬ፣ በሞቴ! ዛሬ ምንም እንዳትጨምር። የሆነውን ብቻ።»

«የሆነውን ብቻ» አለ፣ መራራ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው።

ቃሉንም ጠበቀ። እንግዳዋ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉት «ደህና ነው» ብሎ ዝም። ሚስቱ ደንግጣ ትኩሳት ይኖረው እንደሆነ ግንባሩን ዳሰሰችው።

ምሳው ተነሣ፣ ጨዋታው ግን ሞቶ ቀረ። እጮኛው ዝምታው ሲጨንቀው ከአፉ አመለጠው። «ለምን ተረት ቅጥልጥል አንጫወትም? አንዱ ይጀምራል፤ ቀጣዩ የተባለውን እንዳለ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። የተሳሳተ ይወጣል።» ልጅቷ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ምን ያደርጋል! የእናቱ ዓይን በርቷል፤ ለእሳቸው ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ከየት ይመጣል?

«አንድ ሰው በር ገዛ» ብሎ እጮኛው ጀመረ።

«አንድ ሰው በር ገዛ። ቤት ግን አልነበረውም» አለች ልጅቷ።

ተራው የጋሽ ማሻሻያ ሆነ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ሰው ሰማያዊ በር ገዛ...»

«ሰማያዊ አልተባለም» አሉ እንግዳዋ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ለቤቱ ጌታ ስንል አንዴ ይደገም። ሰማያዊው ይሰረዝ።»

«አንድ ሰው በር ገዛ። ቤት ግን አልነበረውም፣ ምስኪን።»

«ምስኪንም ይሰረዝ!»

ላቡ ችፍ አለ። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምቆ፣ ጥርስ እንደሚነቀል ሰው እያቃሰተ፣ «አንድ ሰው በር ገዛ። ቤት ግን አልነበረውም» አለ። የተፈቀደችለትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲያገኝማ ነፍሱ መለስ አለች። «በሩን ጀርባው ላይ አዝሎ ሲዞር፣ ያየው መንገደኛ ሁሉ ያንኳኳበት ጀመር።»

እንግዳዋ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በዚያ ዳኛ በለመደው ድምፅ ያነበንቡት ጀመር።

«አንድ ሰው ሰማያዊ በር ገዛ። ቤት ግን አልነበረውም፣ ምስኪን። በሩን ጀርባው ላይ አዝሎ...»

ጋሽ ማሻሻያ ጣሪያውን አየ። ልጅቷ ባዶ ብርጭቆ አንሥታ ጠጣች።

«እማዬ፣» አለ ልጃቸው፣ «ሰማያዊው ተሰርዟል እኮ። ያሰረዝሽውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ?» ክው አሉ። እንደገና ሞከሩ። «አንድ ሰው... በር...» ቆም አሉ። «እምቢ አለኝ። በሩ ሰማያዊ ነው። አየሁታ!»

«እንግዲያው ወጥተሻል።»

«ልውጣ! ስንት ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ጻፍኩ፣ ዛሬ አንዱም ትዝ አይለኝም። ይሄ ምስኪን ግን በሩን እንዳዘለ ፊቴ ተገትሯል።» ወደ ጋሽ ማሻሻያ ዞሩ። «ለመሆኑ ሲያንኳኩበት ይከፍትላቸዋል?»

እሱ ወደ ሴት ልጁ አየ። ምላሱ እንደተለጎመ ነው።

«በል ንገራቸው አባዬ፣» አለች እየሳቀች።

«እትዬ፣ ይከፍታል እንጂ! ግን በሩ ጀርባው ላይ አይደል? ማን እንደገባ አያይም። አንድ ቀን አንድ ሙሉ የማርሽ ባንድ ከነከበሮው...»

እንግዳዋ ወንበራቸውን ጎትተው ተጠጉት። ከዚያ ወዲያ የሚደግምም የሚሰርዝም አልተገኘ፤ ባንዱ ገብቶ ሳይወጣ የከሰዓቱ ጥላ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ዞረ።

ሲነሡ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ውሳኔያቸውን ተናገሩ። «የልጅ ልጆቼን እርስዎ ጋ እተዋለሁ። ለምስክርነት ግን እርስዎ አንድ ቀን እንዳይጠሩ፣ አደራ!»

«ልጆቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አለ ጋሽ ማሻሻያ፣ ገና ከአሁኑ የሚቀመጡበትን ጥግ በዓይኑ እየፈለገ።

«አባዬ! ገና ሰርጋችንም አልተደገሰ!»