እናኑ ከፀሐይ የተደበቀችበት ወር

«አትሄጅም አልሁ፤ አትሄጅም!»

«እሄዳለሁ፣ እማ። ቀጠሮ ነው እንጂ ጠብ አይደለም።»

«የፊትሽን ነገር ረሳሽው? እኔ አልረሳሁትም።»

ዛሬ ጠዋት ዓባይ ማዶ እናቴ ቤት ስደርስ ክርክሩ ተጋግሎ ነበር። ታላቅ እህቴ እናኑ ነጠላዋን አጣፍታ ለመውጣት ቆማለች። እናቴ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣ እግሯን መተላለፊያው ላይ ዘርግታለች። ከሆስፒታል ተደውሎ ነው። ባለፈው የማሕፀን በር ምርመራዋ ላይ አንድ ያልጠራ ነገር ስላለ እናኑ እንደገና ትታይ ተብላለች። እኔ በማን በኩል እንደሆንሁ ባውቅም አፌን አልከፈትሁም። ሁለቱ ሲነታረኩ ሐሳቤ የዛሬ ሰባት ዓመት ወደነበረው ጥቅምት ሄደ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ጨርሻለሁ፤ ሥራ አልያዝሁም። ገጣሚ ነኝ እል ነበር፤ ያስተማረኝም፣ ገጣሚ ነህ ያለኝም ሰው ግን አልነበረም። ቀኑን ጣና ሐይቅ ዳር ስዞር እውላለሁ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ውኃው ዳር ዳሩን እንደደፈረሰ ነው፤ ፀሐዩ ግን ከዝናብ በኋላ እንደሚመጣ ፀሐይ ሁሉ ይለበልባል። እናኑ ጀልባ ነጂ አግብታ እዚያው ሰፈር ትኖር ነበር። ባሏ አለባቸው ሰውና እህል ወደ ደቅ ደሴት ያመላልሳል። ከተጋቡ ጥቂት ዓመታት ቢሆናቸውም ልጅ አልመጣም ነበር።

ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ በሄደችበት ቀን ነርሷ «መጥተሽ አይቀር» ብላ የማሕፀኗን በር ኮምጣጤ ቀብታ አየችላት። የታመመ ቦታ ኮምጣጤ ሲነካው ነጭ ይሆናል። ነጭ ሆነ። ከዚያ ሆስፒታል ተላከች፤ ቁራጭ ተወስዶ ተመረመረ፤ ሥር ያልሰደደ፣ ገና የጀመረ ካንሰር ነው ተባለ። የተለመደው ሕክምና ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ምናልባትም ማሕፀኑን ጭምር። እናኑ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም።

«ልጅ የምወልድበት ሌላ መንገድ የለም?» አለች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ቃሏን እየመረጠች ነው የምትናገረው። «አለ። ግን ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ነው፤ አስቢበት» አለቻት።

እናኑን፣ እናቴንና እኔን አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችን። መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣል። በመላ ሰውነት ይዳረሳል፤ ጤነኛው ሥጋ ቶሎ ሲያስወጣው የታመመው ይዞት ይቆያል። ብቻውን ምንም አያደርግም። ሁለት ቀን ቆይቶ እንደ ሽቦ በቀጠነ ነገር ቀይ ብርሃን ወደ ታመመው ቦታ ይገባል። ብርሃኑ ሲነካው መድኃኒቱ ይነቃል፤ ያደረበትንም ሕዋስ ይገድላል። ይህን ለሃያ ዓመት ገጣሚ መንገር ለሰካራም ጠላ ቤት እንደማሳየት ነው። እኔ በልቤ ስንኝ ስቆጥር እናኑ የሚጠቅመውን ትጠይቅ ነበር።

ችግሩ፣ መድኃኒቱ ቆዳ ውስጥም ይቆያል። ፀሐይ ካገኘው እዚያም ይነቃል፤ ቆዳ ያቃጥላል። ለአንድ ወር ያህል ፀሐይ እንዳይነካት አለች ሐኪሟ።

እናቴ ፊቷ በራ። «ምች ነዋ!» አለች።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እንደዚያ ያስቡት፣ እማማ። ግን ቤቱን እንዳያጨልሙት። ቀጥታ ፀሐይ ያልሆነ የቤት ውስጥ ብርሃን ደግ ነው፤ መድኃኒቱን ከቆዳዋ ቀስ እያለ ያጠፋዋል።»

እኔ ሰማሁ፤ እናኑም ሰማች። እናቴ ግን ምች ካለች በኋላ የተባለውን አልሰማችም። እንፍራንዝ ተወልዳ ያደገች፣ ስንት አራስ ከምች የጠበቀች ሴት ናት። ከዚያ ወዲያ የሐኪም ምክር አላስፈለጋትም።

ሕክምናው በሰላም አለቀ። እናኑን በጋቢ ጠቅልለን በባጃጅ ወደ እናቴ ቤት አመጣናት።

«ሙሽራ ናት እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«ዝም ብለህ ንዳ!» አለች እናቴ።

ቤት ስንደርስ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ጠበቀን። የቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ሳይቀሩ በጨርቅ ተወትፈዋል። ትራሱ ሥር ቢላዋ፣ ራስጌው ዳማከሴ። ሽታ ምች ይጠራል ተብሎ ጥብስ ቀረ፤ ወሩን ሙሉ በሶና ዳቦ በላን። አለባቸው ማታ ከጀልባው ሲመጣ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት እናቴ ደጅ ታቆመዋለች።

«ታጥበህ ግባ!»

«እማማ፣ ሐይቅ ላይ ውዬ ነው የመጣሁት፤ ከዚህ በላይ በምን ልታጠብ?»

በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ከዳር ገለጥ ላደርግ ሞከርሁ።

«እማ፣ ሐኪሟ ብርሃን ይግባ ብላለች።»

«ሐኪሟ አራስ ጠብቃ ታውቃለች?»

«እናኑ አራስ አይደለችም!»

«አንተም ገጣሚ አይደለህም፤ ግን ዝም ብዬሃለሁ።»

እናኑ ከጨለማው ውስጥ ሳቀች። «ተዋት እባክህ፤ እንዲህ ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም» አለችኝ። መልሼ ሸፈንሁት። ወረቀት ስለማይታየኝ በቃሌ መግጠም የለመድሁት በዚያ ወር ነው። እየገጠምሁ ለእናኑ አሰማታለሁ። «ግጥም ሲሰሙ የገጣሚውን ፊት አለማየት ነው የሚሻለው» ትለኝ ነበር። ብታሾፍብኝም አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ታስደግመኝ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ሐኪሟ ያዘዘችው አንድ ነገር ቀረ። እጇን ቀዳዳ ባለው የወረቀት ከረጢት ከትታ ቀዳዳውን ለፀሐይ ጥቂት ታሳየው፤ በማግስቱ ቆዳው ከቀላ ገና ነው፤ ካልቀላ ትውጣ። ከረጢቱን የያዘችው እናቴ ነበረች። ቀትር ምች ነው ብላ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ጣና ላይ ጉም ሳይነሳ እጇን አሞቀችላት። በማግስቱ እጇ አልቀላም። እናኑም ወጣች።

እንዴት እንደወጣች አስታውሳለሁ። በቀጥታ ወደ ሐይቁ ነው የሄደችው፤ እኔም ተከተልኋት። ቀትር ላይ የአለባቸውን ጀልባ ጠበቅን። ውኃው እንደ መስታወት ፀሐዩን መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል። ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ደስ ብሏት ስለነበር ምንም አላልሁም።

ወደ ማታ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠበበ፤ አንገቷና እጇ ውኃ ቋጠረ። እናቴ ዳማከሴ ጨመቀች፤ አልረዳም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ አየቻትና «ቤቱ ውስጥ ብርሃን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ ቀና ብላ መለሰች። «ጭላንጭል አላስገባሁም!»

ሐኪሟ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «በጣም ጠብቀዋታል፣ እማማ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እናቴ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ግን እጇ በስንት ሰዓት እንደተሞከረ ጠይቃ ለሁለታችን ነገረችን፤ ጨለማው መድኃኒቱን በቆዳዋ ውስጥ አቆይቶታል፤ የማለዳው ፀሐይም ለፈተናው የሚበቃ አቅም አልነበረውም።

«ለእማ እንዳትነግራት» አለችኝ እናኑ፣ ባበጠ ከንፈሯ።

ቁስሉ ዳነ፤ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጥቁረት ብቻ ቀረ። ካንሰሩ ጠፋ፤ ማሕፀኗም ተረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ቤታችን ውስጥ ግን «ሐኪሞቹ ያቃጠሏት ጊዜ» የሚባል ወሬ ተተከለ፤ ያን ጊዜ እያነሳች የምታወራው እናቴ ነበረች። እኔም ዝም አልሁ። የገጠምሁት ሁሉ ለሰው ይሰማ የምል ሰው፣ ይህን አንድ ነገር ሰባት ዓመት ይዤ ቆየሁ። ዝምታው እናቴን የሚጠብቃት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳየው እናኑን ከሐኪም ደጅ የሚያስቀር ሆኗል።

«ሂጂና ደግመው ያቃጥሉሽ!» አለች እናቴ።

አልቻልሁም። «እማ፣ ያቃጠላትኮ…»

«ዝም በል!» አለች እናኑ።

«ተይው፣ ይጨርስ» አለች እናቴ። ድምጿ ወርዶ ነበር። «ያቃጠልሻት አንቺ ነሽ ሊለኝ ነው። ያን ቀን ሐኪሟ ዝም ስትለኝ ገብቶኛል። ሞኝ መሰልኋችሁ?»

 ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል።

«ታዲያ ለምን አትሂጂ ትይኛለሽ?» አለች እናኑ።

«ደግመው ቢያስተኙሽ የምጠብቅሽ እኔው ነኝ። እኔ ደግሞ ስፈራ ጆሮዬ ይደፈናል። አየሽው አይደል?»

እናኑ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። «እኔ እሰማልሻለሁ» አለቻት።

 እናቴ እግሯን ከመተላለፊያው ሰበሰበች። እናኑ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።