የሐጂ ከድር ማሳ መጨረሻ ይታጨዳል

የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር ላይ የወጣሁበት የመጀመሪያ ቀን በውርደት ነው የጀመረው። ጎባ ውስጥ የጭነት መኪና ሹፌርነቴን ትቼ ሮቤ የገባሁ ሰሞን አዲሱን አሠሪዬን ሐጂ ከድርን በትጋቴ ላስደንቃቸው አሰብኩ። ሌላው ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ሞተር አስነሥቼ ስንዴው ውስጥ ገባሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ማሽኑ አቃሰተና ቀጥ አለ። ጤዛ የጠጣው ገለባ መውቂያው ከበሮ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ከሮ ነበር።

ሐጂ በእግራቸው መጡ። ጎንበስ ብለው ከበሮውን አዩ፤ ከዚያ አንድ ዛላ ቆርጠው በመዳፋቸው ፈተጉና ፍሬውን በመንጋጋቸው ነከሱ።

«ነጋን ቡልቴ፣ ታዴ?» አሉኝ፤ በሰላም አደርክ ወይ ማለታቸው ነው።

«ደህና ነኝ፣ ሐጂ። ማሽኑ ግን...»

«ማሽኑ ምንም አልሆነም። ስንዴው ነው ከእንቅልፉ ያልነቃው። እንካ፣ ይህቺን ንከስ።»

ነከስኩ። ፍሬዋ ከጥርሴ ሥር እንደ ሊጥ ተጠፈጠፈች።

«ቀጭ ስትል እንገባለን። እስከዚያ ቢላ ያዝና ገለባውን ቁረጥ። ኦብሲ።»

ኦብሲ ማለት ታገሥ ማለት ነው። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ቃል ከስሜ የበለጠ ሰምቼዋለሁ።

ሐጂ ቀድሞ ከደሎ መና ማርና ቡና እያመጡ ሮቤ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ኮምባይነሩን የገዙት እኔ ሳልቀጠር በፊት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተጥሎ፣ በጎማዎቹ መሐል እሾህ በቅሎበት ነው። ከተማው ሳቀባቸው። አቶ ሁሴን የሚባሉ ባለ ብዙ ኮምባይነር ነጋዴ «ሐጂ የዶሮ ቤት ገዙ» ብለው ወሬውን አዳረሱት። ውሸትም አልነበረም፤ የማሽኑ የእህል ጎተራ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ተገኝታለች።

ሐጂ ዶሮዋን እስክትፈለፍል ጠበቋት ይባላል። ከዚያ ኩሽኔታውን ከወፍጮ ቤት፣ ቺንጋውን ከጋራዥ እየለቃቀሙ ማሽኑን አስነሡት። ከግቢው ወጥቶ በሮቤ ዋና መንገድ ሲያልፍ ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ ልጆቹን ይዘው ጋቢናው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሐጂ ይህን ሲያወሩልኝ ስለ ሞተሩ ድምፅ ሳይሆን ሚስታቸው ስለ ሳቁት ሳቅ ነበር የሚነግሩኝ።

ኮምባይነር የሚያውቅ ሰው ቀትር ምን እንደሆነ ያውቃል። ጤዛው ረግፏል፣ የከሰዓቱ ደመና ገና አልመጣም፤ ስንዴው እንደ ቆሎ እየተንኮሻኮሸ ጎተራው ውስጥ ይወርዳል። ሐጂ መሪውን ለእኔ ጥለው የሚወርዱት በዚህ ሰዓት ነበር። አዴ ፋጡማና ልጆቹ ምሳ ይዘው በባጃጅ ይመጣሉ፤ ማሳው ጫፍ ላይ ሸራ ይነጠፋል፤ ቤተሰቡ ከብቦ ይበላል። ጊኒር ድረስ ሄደን ስናጭድ እንኳ ቤተሰቡ እቃውን ጠቅልሎ መጥቶ ድንኳን ይጥል ነበር።

አንድ ቀን ሰማዩ ሲጠቁር አላስቻለኝም። ከጋቢናው አንገቴን አውጥቼ «ሐጂ፣ ደመናውን አዩት?» አልኩ።

«አየሁት። ልጆቼንም እያየሁ ነው» አሉኝ፤ ጉርሻቸውንም አላቋረጡም።

እኔንም ቢሆን ቅዳሜ ሲመሽ በግድ ወደ ጎባ ይሸኙኝ ነበር። «ሚስትህ ካልጠገበችህ ማክሰኞ ና» ይሉኛል። ትልቋ ልጃቸው ራህማ ከምሳ በኋላ እየወጣች ከአጠገቤ ትቀመጥ ነበርና ማሽኑን ተማረችው። ውሎ አድሮ ሥራውን ከአባቷ ጋር የምትመራው እሷ ሆነች።

ሌላው ባለ ኮምባይነር ሰፊ ማሳ ይመርጣል፤ ጠባብ ማሳ ላይ መዞር ነዳጅ ይበላል። ሐጂ ግን ስንዴው በደረሰበት ተራ ይሄዱ ነበር። የራሳቸው ማሳ ደግሞ ቀድሞ ቢደርስም ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ይህ ነገር ያናድደኝ ስለነበር ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

«የእኔን አስገብቼ የሰው ስንዴ ቢበሰብስ፣ ሰውየውን ገበያ ላይ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉኝ።

ሐጂ ያረፉት በቦና፣ ማለትም በበጋው አዝመራ መሐል ነው፤ ሕመማቸው አጭር ነበር። ሮቤና ጎባ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ ቀበራቸው። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የከተማው ወሬ ግን ለቅሶውን እንኳ አልጠበቀም፦ ሰውየው ከሄዱ ሥራውም አበቃ፣ ሴት ልጅ ይህን አትመራም ተባለ። ያን ጊዜ የሐጂ ማሳ ደርሶ ቆሟል። የቤቱ ኑሮና የሚቀጥለው ዓመት ዘር እዚያ ላይ ነበር። ከሳነቴ አምባ በኩል ደግሞ ደመና ይከመር ጀመር።

አዴ ፋጡማ ባል የሞተባት ሙስሊም የምትጠብቀውን የሐዘን ጊዜ ቤት ውስጥ ስለያዙ ከመጋረጃ ወዲያ ሆነው አነጋገሩኝ።

«አዴ፣ ነገ የእናንተን እንጨድ። ሰው አይቀየምም» አልኳቸው።

«ተራው የማን ነው?»

«የአቶ ግርማ። ያቺ ተዳፋት ላይ ያለችው ጠባብ ማሳ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ።

በማግሥቱ በአቶ ግርማ ማሳ ዳር ጤዛው እስኪረግፍ ቆምን። አቶ ግርማ ራሳቸው «ኧረ ግቡና ቶሎ ወደ ራሳችሁ ሂዱ» እያሉ ለመኑን። ራህማ ፍሬውን ነከሰች።

«ገና ነው፣ ጋሽ ታደሰ።»

«ራህማ፣ ሰማዩን እይው እንጂ።»

«አይቼዋለሁ። ከበሮው ላይ ከተጠመጠመ ቀኑ በሙሉ መሄዱን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

ይህን ማን እንደነገራት አውቃለሁ፤ አባቷ ናቸው። ቆይታ ሌላ ዛላ ፈትጋ ነከሰች። ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁት። ገባን፤ ማሽኑ ሳይደናቀፍ የአቶ ግርማን ማሳ አጭደን ወጣን።

ወደ ሐጂ ማሳ ስንደርስ ሦስት ኮምባይነሮች ዳሩ ላይ ተሰልፈው አገኘን። የአቶ ሁሴን ነበሩ። አንዳቸውም ስንዴው ውስጥ አልገቡም። አቶ ሁሴን ቆባቸውን አስተካክለው ወደ ራህማ መጡ።

«ልጄ፣ አባትሽ ማሽኖቼ ሩቅ አገር ሳሉ የእኔን ማሳ ሁለቴ ከዝናብ አትርፎልኛል። ቆመን የምንጠብቀው አንቺን ነው። ቅመሺና ፍቀጂልን።»

ራህማ ነከሰች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ደርሷል» አለች። እኔ ለእንግዶቹ መንገድ ልለቅ መሪውን ስጠመዝዝ አቶ ሁሴን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«የዶሮ ቤቱ ይቅደም» አሉ።

ራህማ ከእኔ መሪውን ተቀብላ ቀደመች። ሦስቱ ተከተሏት። አዴ ፋጡማ የላኩት ምሳ ሲደርስ ራህማ ሳትከራከር ወረደች፤ ከወንድሞቿ ጋር ሸራው ላይ ተቀምጣ በላች፤ መሪውን እኔ ያዝኩ። ሐጂ የጀመሩት ሥራ እንዳላበቃ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ዝናቡ የመጣው ሊያግዙን የመጡት አቶ ግርማና ጎረቤቶቻቸው የሐጂን ስንዴ የመጨረሻ ኩንታል በሸራ ከሸፈኑ በኋላ ነው። የወረደውም በታጨደ ባዶ ማሳ ላይ ነው።

ያ እኔ ኮምባይነር ላይ የሠራሁበት የመጨረሻ አዝመራ ሆነ። ራህማ ዛሬ ሁለተኛ ማሽን ጨምራለች፤ አሮጌውም ይሠራል። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፦ ፍሬውን ሳትነክሱ አትግቡ፤ የራሳችሁን ማሳ መጨረሻ እጨዱ።